የሰርካለም የውሃ ተራ

ሰርካለም ከሚኒባሱ የወረደችው ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነው። ከደሴ ሲነሱም፣ አቀስታን ሲያልፉም፣ መካነ ሰላም ሲደርሱም ከጎኗ ለተቀመጠው ሰው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሐሳቧ አጭር ነበር። በጓሮ በኩል ሹልክ ብላ ቤቷ ትገባለች፣ የተረፈ ዕቃ ካለ ትሰበስባለች፣ በማግስቱ ማንም ወደማያውቃት አገር ሄዳ ፀጉር እየሠራች ትኖራለች። ሌላ ሙያ የላትም። ሹሩባ ብቻ ነው የምታውቀው፤ እሱን ግን እጇ ይባረክ!

እንግዲህ አምስት ዓመት ታስራ የወጣች ሴት በምን ዓይኗ የሰፈሯን ሰው ታያለች? ባሏ ገና በልጅነቷ ሞቶባታል፤ አልወለደችም። በዚህ ዓለም የእኔ የምትለው ያችን ሁለት ክፍል ቤት ብቻ ነው። እሷም ብትሆን ሰው ስለጠፋባት ፈርሳ ይሆናል ብላ ቁርጧን አውቃ ነበር የመጣችው።

በሩን ግን ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘችው።

ክው አለች። «ሌባ ነው» ስትል አሰበች፤ ቀጥላ ደግሞ «ምን ቀርቶኝ ነው ሌባ የሚገባው?» አለች በሆዷ። አንገቷን አስግጋ ብታይ፣ ጎረቤቷ አበቡ በጉልበቷ ተንበርክካ ወለሉን በእበት ትለቀልቃለች። ሁለት ሴቶች ጥግ ላይ እንጨት ይደረድራሉ። ግድግዳው ሥር ውሃ የተሞሉ ጀሪካኖች ቆመዋል፤ አልጋው ተነጥፏል።

«ውይ መጣች!» ብላ አበቡ ከነእበቷ ብድግ አለች። «ኧረ ጉድ! ሰው በገዛ ቤቱ እንደ ድመት በጓሮ ይገባል? እኛ ባስፋልቱ በኩል ሰው ልከን እንቀበላት ስንል!»

«አበቡ… ቤቴን ማን ከፈተው?»

«ቁልፉ ከቅሬው ዘንድ አይደል! ጣሪያሽንም ሁለቴ ጠግነነዋል። ምነው፣ አትገቢም እንዴ? ግቢ እንጂ!»

ሰርካለም ደፉ ላይ እንደቆመች ቀረች።

ቅሬ የሚባለውን ሌላው አገር ዕድር ይለዋል። ሙት ለመቅበር ነው የቆመው ይባላል፤ እውነትም ነው። የእኛው ቅሬ ግን ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ያለበት ስለሆነ፣ የሞተውን ከመቅበር አልፎ ያለውንም ሰው ከነነገሩ ችሎ ይዞ ይኖራል። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አራጋው ወደ ማረሚያ ቤቱ ደውለው የምትፈታበትን ቀን አጣርተው ኖሯል። ከሰዓት በኋላ ዱላቸውን ይዘው መጡና «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» አሏት። ከኋላቸው ሽሮው፣ በርበሬው፣ ድንቹ ተከታተለ። ሰርካለም የምትይዘው ጠፋት። አለቀሰችም፣ ሳቀችም፣ የሁሉንም ጉልበት ለመሳም ተጎነበሰች፤ እነሱ ደግሞ እምቢ እያሉ ቀና አደረጓት።

ትንሽ ረጋ ስትል ከሁሉ በላይ የፈራችውን ጠየቀች።

«ስሜስ? ስሜ ከወደቀ ስንት ጊዜው ነው?»

ይህ ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በለቅሶ ቀን ወንዶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ ለለቅሶው ቤት ውሃ ይቀዳሉ። የሴቶቹን ስም የምትጠራው አበቡ ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ከላይኛው ቤት ጀምራ እስከ ታችኛው ድረስ በቃሏ ትጠራለች። የተጠራችው ሴት «አለሁ» ትላለች። የታመመች ወይም የወለደች እንደሆነች ሌላዋ «አለች» ብላ ትመልስላትና ውሃዋን ትቀዳላታለች። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ መላሽ ያጣ ስም ከአበቡ አፍ ይወድቃል። ስሙ የወደቀ ሰው ደግሞ ቢሞት ቀባሪ የለውም።

«ምን በወጣው ይወድቃል!» አለች አበቡ። «አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ለቅሶ ሳላጓድል እጠራሻለሁ።»

«ማን ይመልስልኛል?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ጋሽ አራጋው ዱላቸውን መሬት ላይ ያሽከረክራሉ። በመጨረሻ አበቡ ራሷ ናት የተናገረችው።

«ጠይባ።»

ሰርካለም በትክክል የሰማች አልመሰላትም። «የቷ ጠይባ?» አለች፤ በዚያ ሰፈር ሌላ ጠይባ እንደሌለ እያወቀች።

«የቷ ትያለሽ እንዴ? የፈርሂያ እናት ናታ! አንዴም ቀርታ አታውቅም። የአንቺ ስም ሲጠራ ከሁላችን ድምፅ በላይ አድርጋ ‹አለች!› ትላለች፤ የራሷን ጀሪካን ታደርስና ተመልሳ ያንቺን ትቀዳለች።»

ያን ጊዜ ሰርካለም ደሟ ከፊቷ ላይ ሲሸሽ ሴቶቹ አይተዋል። የደስታ ድንጋጤ መሰላቸው። ሞኞች!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈርሂያ የጠይባ አንድ ልጅ ናት። የሁለቱን ሴቶች ቤት የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ነው። ልጅቱ ጡት ከጣለች ጀምሮ ዒድ በመጣ ቁጥር ፀጉሯን የተሠራችው ከሰርካለም ጉልበት መሐል ተቀምጣ ነው። ከቀኝ ጆሮዋ በላይ፣ ዳዴ ስትል ፍም ላይ ወድቃ የቀረባት፣ ፀጉር የማይበቅልባት አውራ ጣት የምታህል ጠባሳ ነበረቻት። ከእናቷና ከሰርካለም በቀር ያችን ጠባሳ የሚያውቃት የለም፤ ሰርካለም አንዱን ጉንጉን በላይዋ አሳልፋ ትደብቅላት ነበር።

ፈርሂያ አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሰች «ሳዑዲ ካልሄድኩ» ብላ ተነሣች። የማን ልጅ ያልሄደች አለችና! ጠይባ እምቢ አለች። ልጅቱ ከሰርካለም ጉልበት ሥር ተቀምጣ አለቀሰች፤ ሰርካለምም ሆዷ ባባና ፀጉር ሊሠሩ ከሚመጡ ሴቶች ያገኘችውን የደላላ ስልክ ሰጠቻት። ይህ አልበቃ ብሏት ለእናቲቱ «አብሽሪ ጠይባ፣ መንገዱ የታወቀ ነው፤ እኔ አለሁልሽ» አለቻት። ምኑን አውቃው! እሷ እንኳን በረሃውን፣ ደሴንም ያየችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ጠይባ ያችን ቃል አመነች።

ፈርሂያ ሄደች። በሁለተኛው ሳምንት ስልኳ ጠፋ፤ ደላላውም የውሃ ሽታ ሆነ። የተገኘችው ሰርካለም ብቻ ነበረች። ሰው በሕገ ወጥ መንገድ ለማሻገር አግዘሻል ተባለች። ጠይባ ችሎት ፊት ቆማ እንባዋን ሳትጠርግ መሰከረችባት፤ ሰርካለምም «አላደረግሁም» አላለችም። አምስት ዓመት ተፈረደባት።

እስከዚህ ያለውን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። አገሩ የማያውቀው የሚከተለውን ነው።

በታሰረች በሦስተኛው ዓመት በዛች የምትባል የአጅባር ሴት በጠብ ታስራ መጣች። እሷም አንድ ጊዜ ሳዑዲ ልሻገር ብላ ከበረሃ የተመለሰች ናት። ሰርካለም ፀጉሯን እየሠራች ሳለ በዛች የበረሃውን ነገር አነሣች። ውሃ ካለቀባቸው በኋላ ስለሞተች አንዲት ልጅ ተናገረች። «የአገራችን ልጅ ናት፤ ከመካነ ሰላም ነኝ ብላኛለች። ሻሿን አውልቄ ፊቷን ሳለብስ፣ እዚህ ጋ፣ ከጆሮዋ በላይ ፀጉር የሌለው ጠባሳ አየሁባት። ድንጋይ ከምረንባት ሄድን» አለች።

የሰርካለም ጣቶች በበዛች ራስ ላይ እንዳሉ ደረቁ። «ምነው፣ ተውሽው?» እስክትባል ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። ሠርታም አልጨረሰችው፤ በዛች ግማሽ ራሷ እንደተጎነጎነ ነው ያደረችው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አለች። የቅሬው ሴቶች በሶና ቆሎ ቋጥረው ሊጠይቋት በመጡ ቁጥር ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ትላለች፤ ሲሄዱ ታለቅሳለች። የቤቷንና የስሟን ነገርማ ክፉ እንዳትሰማ ፈርታ አንድም ቀን አልጠየቀቻቸውም። ጠይባ አንድም ቀን መጥታ አታውቅም። ሰርካለም «ጠልታኝ ነው፤ እውነቷን ነው» እያለች ትጽናና ነበር። ጥላቻዋንማ ችላው ትኖር ነበር። ያልቻለችው ይህን ዛሬ የሰማችውን ነው።

«እንግዲህ ነገ በማለዳ እንሄዳለን» አሉ ጋሽ አራጋው። «ጠይባ ራሷ ‹አምጧት› ብላናለች። ሳትቀማምሺ፣ አፍሽ ሳይሟሽ ነው ይቅርታ የምትጠይቂ። ነገ ደግሞ ገበያ ነው፤ ረፈድ ካለ ሰው አይገኝም።»

ሰርካለም ወደ እሳቸው ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት…»

«አፉ በይኝ ነው የምትያት፤ ሌላ ንግግር አያስፈልግሽም። አብሽሪ! እሷ እንደሆነ ልቧ ከራርቷል።»

«ኧረ ሌላ ነገር ነው ጋሼ…»

«ነገ!» አሉና ተነሡ።

ተከትላቸው መውጣት ትችል ነበር። በጆሯቸው ብትነግራቸው፣ እሳቸው የቅሬ ዳኛ ናቸው፤ መርዶው በወጉ ይነገር ነበር። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሼኩ ይጠራሉ፣ የጠይባን ክንድ የሚይዙ ሴቶች አስቀድመው ይቀርባሉ። ሰርካለም ግን የተለቀለቀውን ወለል አየች፤ የተደረደረውን እንጨት፣ የተነጠፈውን አልጋ አየች። ሁለት ዓመት እንደደበቀች ሲያውቁ ይህን ሁሉ ይነሷታል፤ ስሟንም ይጥሉታል። አሁን እንግዲህ ሰው መሆኗን ባገኘች ቀን እንዴት አድርጋ በገዛ አፏ ታፍርሰው? ቀስ ብዬ፣ ሌላ ቀን፣ አለች። ፈሪ ናት ብትሏት አልጣላችሁም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወጡ። የመካነ ሰላም ብርድ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ጋሽ አራጋው ከፊት፣ ሰርካለም ከመሐል፣ አሥራ አንድ ሰዎች ሆነው በቁልቋሉ አጥር ዞረው ወደ ጠይባ ግቢ ገቡ። ወሬ የሚያወራ የለም፤ ለእርቅ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ አያወራም።

ኧረ የሰው ያለህ! ከአሥራ አንድ ሰው አንዱ እንኳ ምን እንደሚመስሉ አላሰበም! በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በጎህ ነው። የሚነግሩትም እንዲህ ተከናንበው፣ ዳኛውን ከፊት አስቀድመው፣ ዝም ብለው የሚገቡ ሰዎች ናቸው። ልጁ የጠፋበት ሰው ግቢ በዚያ ሰዓት በዚያ ሁኔታ ማንም አይገባም።

ጠይባ ለሶላት የምትታጠብበትን የውዱእ ውሃ በጆግ ይዛ ከበሩ ወጣች። አየቻቸው። ጆጉ ከእጇ ወደቀ።

«ልጄን!» ብላ ጮኸች። «ያ ረቢ! ልጄን!»

ጩኸቷ ታች ሠፈር ድረስ ተሰማ። ጭቃው ላይ ዘጭ ብላ ደረቷን ትመታ ጀመር። ሰዎቹ መጀመሪያ ምን እንደሆነች አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ሁሉም ባንድ ጊዜ ተንጫጩ።

«ኧረ አይደለም! አይደለም ጠይባ!»

«ለእርቅ ነው የመጣነው! ሰርካለምን ይዘናት ነው!»

«ወላሂ አይደለም! ክፉ አልሰማንም!»

ጋሽ አራጋው ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈፉ። «እኔን አፈር ያርገኝ! እርጅና ነው፤ ምን ዓይነት ማለዳ አመጣሁብሽ!» ብለው ሊያነሷት ጎነበሱ። ጠይባ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። ቀስ በቀስ ትንፋሿ ተመለሰ፤ ከዚያም ትስቅ ጀመር፤ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

«ሩሄን አወጣችሁት እኮ! እናንተ ሰዎች! አልሃምዱሊላህ… አልሃምዱሊላህ!»

አበቡም ሳቀች፤ ሌሎቹም ሳቁ። የደነገጠ ሰው ሳቅ ሲጀምር አያቆምም። በዚህ መሐል ጠይባ ሰርካለምን አየቻት። ሰርካለም አልሳቀችም። እንደ ተተከለች ቆማለች።

ጠይባ ጭቃዋን ሳታራግፍ ቀረበቻት። «መጣሽልኝ» አለች። «ቦታሽን ስይዝልሽ የኖርኩት ወድጄሽ እንዳይመስልሽ። ስምሽ ከወደቀ አንቺ ወደዚህ አትመለሺም አልኩ። አንቺ ካልተመለስሽ የልጄን መንገድ የሚያውቅ ሌላ ማን አለኝ? ‹እኔ አለሁልሽ› ብለሽኛል። ለዚያች ቃል ነው ውሃሽን የቀዳሁት።»

ሰርካለም የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ሳበች።

ጠይባ ትክ ብላ አየቻትና ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። «ቅድም ሁሉም ‹አይደለም› አሉኝ» አለች በዝግታ። «አንቺ ግን አላልሽም።»

የሚስቁት ሁሉ ወደ ሰርካለም ዞሩ።

«በይ እንጂ! አንቺም ‹አይደለም› በይኝ! ሰርካለም፣ ልጄ አለች?»

የሰርካለም እጅ ሳታዘው ወደ ላይ ወጣና በገዛ ራሷ ላይ፣ ከቀኝ ጆሮዋ በላይ አረፈ። አውራ ጣቷ የዚያችን ጠባሳ ቦታ ልክ ይዞ ቀረ። ከቆሙት ሰዎች አንዱም አልገባውም። ለእናቲቱ ገባት።

በዚህኛው አልጮኸችም። ጩኸቷን በውሸቱ መርዶ ጨርሳዋለች፤ ለእውነተኛው የቀራት የለም። አበቡ በብብቷ ይዛ አስገባቻት።

ሰርካለም ያን ጊዜ ሁሉንም አወጣችው፤ በዛችን፣ ውሃውን፣ ድንጋዩን፣ ሁለቱን ዓመት። ሰዎቹ አፋቸውን ይዘው ሰሟት። ጋሽ አራጋው ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። «ትናንት ደጄ ድረስ መጥተሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ሰው መርዶውን በወጉ እንኳ እንዳይረዳ ታደርጊያለሽ?» ቀጥለው «እኔም አልሰማሁሽም» አሉ፤ ፊታቸውንም አዞሩ። አንዷ ሴት መሬት ላይ እንትፍ አለች። ከሰርካለም ጎን ቆመው የነበሩት ሁሉ አንድ አንድ እርምጃ ራቅ ራቅ አሉ፤ ማንም ግን ሂጂ አላላትም።

ሦስት ሰዓት ላይ የቅሬው ጥሩምባ ተነፋ። ገበያ ያለው ገበያውን ትቶ መጣ። ሼኩ ዱዓ አደረጉ፤ ድንኳን ተተከለ፤ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ተሰበሰቡ። ሰርካለምም የራሷን ጀሪካን ይዛ ከቁልቋሉ አጥር ሥር፣ ከሁሉም ኋላ ቆመች። አበቡ ዓይኗ አብጦ ወጣችና እንደልማዷ ከላይኛው ቤት ጀመረች። እየተጠሩ «አለሁ» አሉ። እየተጠሩ «አለሁ» አሉ።

«የሰርካለም ቤት!»

በምን አፏ «አለሁ» ትበል? ያችን ቃል ተናግራ ነው ይህ ሁሉ የመጣ።

«የሰርካለም ቤት!»

ሴቶቹ መሬት መሬት ያያሉ። እንዳያልፋት አበቡ ሦስተኛውን ለመጥራት ዘገየች።

«የሰርካለም ቤት!»

«አለች።»

ድምፁ የመጣው ከቤት ውስጥ ነው፤ ከለቅሶው ምንጣፍ ላይ። የጎረነነ ነው፣ ግን የጠይባ መሆኑን ሁሉም አወቀው። ደጁ ላይ የቆመው ሰው በሙሉ ደንግጦ ወደ በሩ ዞረ። ከሁሉ የደነገጠችው ጠይባ ራሷ ነበረች፤ አፏ ምን እንዳለ የሰማችው ከወጣ በኋላ ነው። እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ያን ቃል አምስት ዓመት ስትጮኽበት ለማን ስትለው እንደኖረች፣ ለፈርሂያ እንደነበር፣ ያን ጊዜ ገባት፤ ድምፅ አውጥታም ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።

ይቅርታ ይሁን ልማድ ሰርካለም እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ደፍራም አልጠየቀቻትም። ጀሪካኗን አንሥታ ወደ ምንጩ ወረደች። ሞልታ አመጣችና ባዶውን ይዛ ደግሞ ወረደች። ሌሎቹ ሴቶች ተራቸውን ጨርሰው ሲቀመጡ እሷ ግን አልተቀመጠችም። እስኪመሽ ድረስ ያንን ቁልቁለት ስትመላለስ ዋለች፤ ማንም በቃሽ አላላትም።